በመዳፍ ላይ የተሠራ ጎጆ

ከደብሊን በስተ ደቡብ፣ በተራራማው የዊክሎው አውራጃ፣ ሆሊውድ የምትባል ትንሽ የአየርላንድ መንደር አለች። ዝነኛዋ የአሜሪካዋ አይደለችም። በአይሪሽ ቋንቋ ስሟ «የኬቪን ትንሽ ቤተ ክርስቲያን» ማለት ነው። ከዚህች መንደር የሚነሣው የእግር መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ረግረጉንና የተራራውን መተላለፊያ አቋርጦ ግሌንዳሎክ ወደሚባለው የሁለት ሐይቆች ሸለቆ ይወርዳል። በ6ኛው መቶ ዘመን ኬቪን የተባለ መነኩሴ ጸጥታ ፈልጎ ወደዚያ ሸለቆ ገባ። ሰዎች ተከተሉትና ቦታው ታላቅ ገዳም ሆነ። ኬቪን በ618 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) እንዳረፈ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ መንገዱ የተሳላሚዎች መንገድ ሆነ። ሰባት ጊዜ ግሌንዳሎክን መሳለም አንድ ጊዜ ሮም ደርሶ እንደ መመለስ ይቆጠር ነበር። እኛ በጸጋ መዳናችንን ከኤፌሶን 2፥8-9 የተማርን ሰዎች ይህ ሒሳብ አይዋጥልንም። ሰኔ 3 ቀን (በእነርሱ አቆጣጠር) በየዓመቱ ይከበር የነበረው በዓል ደግሞ ከጸሎቱ ይልቅ በመጠጡና በዱላ ጠቡ እየታወቀ ሄደ። ጆሴፍ ፒኮክ የተባለው ሠዓሊ በ1813 የበዓሉን ሕዝብና ገበያ በሥዕል አስቀርቶልናል። በ1862 በዓሉን ያስቆሙት ፕሮቴስታንቶች አይደሉም፤ የካቶሊኩ ሊቀ ጳጳስ ፖል ከለን ናቸው።

ሕዝቡ ከኬቪን ሕይወት አጥብቆ የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። ኬቪን በጠባቧ ጎጆው ውስጥ እጁን በመስኮት ዘርግቶ ሲጸልይ፣ አንዲት ጥቁር ዘማሪ ወፍ መጥታ መዳፉ ላይ ጎጆ ሠርታ እንቁላል ጣለች ይላሉ። እርሱም ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ እጁን ሳያጥፍ ቆየ። ከወንዙ ዳር ደግሞ መካከሉ የተቦረቦረ ድንጋይ አለ። እናታቸው የሞተችባቸው መንታ ሕፃናት እንዲያድጉ አንዲት አጋዘን እየመጣች እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ትታለብ ነበር ይባላል።

የወፏን ታሪክ በ1188 ገደማ የጻፈው የዌልሱ ጄራልድ ነው። ኬቪን ካረፈ 570 ዓመት አልፎታል! ስለዚህ አፈ ታሪክ ነው እንላለን፤ ከቅዱስ ቃሉ ጋርም አናስተካክለውም። ድንጋዩም ቢሆን በጥንት ዘመን እህል ወይም ሌላ ነገር ሳይፈጭበት አልቀረም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ታሪክ ያቆየው ሕዝብ ምን እንዳመነ ልብ እንበል፦ ለእግዚአብሔር የቀረበ ሰው ወፍ የማትሸሸው ሰው ነው ብሎ አምኗል። ይህ ሐሳብ ከመጽሐፍ ቅዱስ የራቀ አይደለም። ዘዳግም 22፥6-7 በመንገድ ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ያዛል። በሕጉ መጽሐፍ ውስጥ ለጎጆ የሚሆን ቦታ መገኘቱ ሁልጊዜ ይገርመናል።

የሚከብደን ቀጥሎ የሆነው ነው። በዴንማርክ፣ በሮስኪልደ ባሕር ውስጥ የተገኘ 30 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የቫይኪንግ የጦር መርከብ አለ፤ በ1042 ገደማ በደብሊን የተሠራ ነው፤ የኦክ እንጨቱም ከግሌንዳሎክ አካባቢ እንደ ተቆረጠ ከዛፉ ቀለበቶች ታውቋል። (የገዳሙ ክብ ግንብ ከፍታም 30 ሜትር ያህል ነው፤ መርከቡ ቢቆም ከግንቡ ጋር ይተካከል ነበር።) በኋለኞቹ ዘመናት የአየርላንድ ጫካ አብዛኛው ተመነጠረ፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ተኩላ ጠፋ፤ ጅራቱ እንደ መቀስ የተከፈለው ቀይ ጭላትም በመርዝ፣ በአደንና በጫካው መመንጠር አለቀ። የወፏ ታሪክ በየቤቱ ሲተረክ፣ በደጅ ያሉት ጎጆዎች ባዶ እየሆኑ ነበር። እኛስ የምንዘምረውን መዝሙር 104 በደጃችን ካለው ዛፍ ጋር አገናኝተን እናውቃለን?

ዛሬ በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ወደ ማታ አጋዘን ያያል። አብዛኞቹ በ19ኛው መቶ ዘመን ከመጡት የጃፓን ሲካ አጋዘኖች ጋር የተዳቀሉ ናቸው። ከሐይቁ በላይ ባለው ገደል ላይ ጭልፊት ይፈለፍላል። ቀይ ጭላትም ተመልሷል፤ ከ2007 ጀምሮ ጫጩቶች ከዌልስ እየመጡ በዊክሎው ተለቀቁ። በ2010 ደግሞ ከ200 ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች እዚያው በዱር ተፈለፈሉ። ይህ ወፍ ጎጆውን በጨርቅና በላስቲክ ቁራጭ ማስጌጥ ይወዳል፤ መንገደኛ የጣለውን ሁሉ ለቅሞ ወደ ዛፉ ይወስዳል።