ንጉሥ በሌለበት አገር የቤተ መንግሥት ዘፋኝ፦ የአትላንታው ጆን ካርሰን

የቤተ መንግሥት ዘፋኝ የሚባለው ኑሮው በገዢ ደጅ የተመሠረተ፣ ድምፁንም ለገዢው ክብር ያዋለ ሙያተኛ ነው። በሕንድ የዚህ ሙያ ቁንጮ ተደርጎ የሚቆጠረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ታንሴን ሲሆን፣ በመጀመሪያ የሬዋውን ራጃ ካገለገለ በኋላ ወደ ሞጉሉ ንጉሠ ነገሥት ወደ አክባር ቤተ መንግሥት ተወስዶ «ሚያን» የተባለውን የክብር ስም አግኝቷል። ዲፓክ የተሰኘውን ራጋ፣ ማለትም የራሱ ቅኝትና ስሜት ያለውን የዜማ ሥርዓት፣ ሲያዜም መብራቶች በራሳቸው ይቀጣጠሉ፣ የዝናቡን ራጋ ሲያነሣም ሰማዩ ይዘንብ እንደነበር ይተረክለታል። በኢትዮጵያም አዝማሪ በነገሥታቱና በመሳፍንቱ ግብር ላይ የማይታጣ ሰው ነበር። ዘውድ በማያውቀው በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ግን እንዲህ ያለ ሙያተኛ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው፤ ይሁን እንጂ የጆርጂያ ግዛት መዲና በሆነችው በአትላንታ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ጆን ካርሰን የተባለ ነጭ የፋብሪካ ሠራተኛ በመሰንቆ ፈንታ ቫዮሊን ይዞ ይህንኑ ሥራ ሲሠራ ኖሯል።

ካርሰን የሰሜን ጆርጂያ ተራራማ አገር ተወላጅ ሲሆን፣ የተወለደበት ዓመት አንዳንዴ 1868፣ አንዳንዴም 1874 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እየተባለ ይነገራል። ቫዮሊኑ ከአየርላንድ በስኳር ከረጢት ተጠቅልሎ ከቅድመ አያቶቹ የመጣ ነው ይባል ነበር፤ «ፊድሊን ጆን»፣ ማለትም ባለ ቫዮሊኑ ጆን፣ የሚለውን ስም ደግሞ በልጅነቱ ሲጫወት የሰማው የቴኔሲው ገዢ ቦብ ቴይለር እንዳወጣለት ይወራል። ስምን ከገዢ አፍ መቀበል በዘፋኞች ተረት ውስጥ የተለመደ ነገር በመሆኑ፣ ወሬው እውነትም ይሁን ፈጠራ፣ ባለታሪኩ ከማን ደጅ መቆጠር ይፈልግ እንደነበር ይናገራል። በ1900 ወደ አትላንታ መጥቶ በጥጥ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ በከተማዋ በ1913 በተጀመረው ዓመታዊ የቫዮሊን ተጫዋቾች ውድድርም እስከ 1922 ባለው ጊዜ ሰባት ጊዜ አሸናፊ ተባለ። ዝናውን ያገነኑት የአትላንታ ጋዜጦች ሲሆኑ፣ ገበሬነትን ትተው ከተማ የገቡትን የገጠር ሰዎች እያላገጡም እየናፈቁም የሚጽፉ ስለነበሩ፣ ካርሰን ራሱ ስለ ራሱ የሚያወራውን ሁሉ ሳያጣሩ ያትሙለት ነበር።

የዘፈኑ ጉልበት የታየው ግን በውድድር መድረክ ላይ አልነበረም። በኤፕሪል 1913 ሜሪ ፌገን የተባለች የ13 ዓመት ልጅ በምትሠራበት የአትላንታ እርሳስ ፋብሪካ ተገድላ ተገኘች፤ የፋብሪካው ኃላፊ የነበረው አይሁዳዊው ሊዮ ፍራንክም ተከሶ ሞት ተፈረደበት። የጆርጂያው ገዢ ጆን ስሌተን በጁን 1915 ፍርዱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሲለውጡት ሕዝቡ በቁጣ ተነሣ፤ በኦገስት 17 ቀን 1915 የተደራጁ ሰዎች ፍራንክን ከእስር ቤት አውጥተው በማሪየታ ከተማ ዛፍ ላይ ሰቀሉት። ካርሰን በነዚያ ወራት ስለ ሟቿ ልጅ ሙሾ የሚመስል፣ ፍራንክን በደለኛ የሚያደርግ ዘፈን አውጥቶ በአደባባይ እየቆመ ለተሰበሰበው ሕዝብ ይዘፍን ነበር። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ፍራንክ ከወንጀሉ ንጹሕ እንደነበረ ያምናሉ፤ ግዛቱም በ1986 ከሞት በኋላ ምሕረት አድርጎለታል። ሰውየውን የሰቀሉት ሰዎች እንጂ ዘፈን አይደለም ማለት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በታንሴን ተረት ዜማ እሳት አስነሣ ሲባል የሰማ ሰው፣ በጆርጂያ ያለ ምንም ተአምር ተመሳሳይ ነገር ሊታይ ተቃርቦ እንደነበር ሊረዳ ይችላል።

ከታንሴን ድምፅ የተረፈ ነገር የለም፤ የካርሰን ግን በሸክላ ተቀርጿል። በጁን 1923 ፖልክ ብሮክማን የተባለ የአትላንታ ነጋዴ ጎትጉቶት፣ የኦኬ ሸክላ ኩባንያ ሰው ራልፍ ፒር መሣሪያውን ይዞ መጥቶ በናሳው ጎዳና ባለ አንድ ሕንጻ ውስጥ ቀረጸው። ማይክሮፎን ገና በቀረጻ ሥራ ላይ ስላልዋለ ዘፋኙ ድምፁን የሚልከው ወደ ትልቅ ቀንድ መሰል ጡሩምባ ነበር። ፒር አዘፋፈኑን ክፉኛ ስለናቀው በመጀመሪያ የታተሙት 500 ሸክላዎች የካታሎግ ቁጥር እንኳ አልነበራቸውም፤ ወዲያው ተሸጠው ሲያልቁ ግን የገጠር ሙዚቃ ገበያ እንዳለው ታወቀ። በሸክላው ላይ ከነበሩት ሁለት ዘፈኖች አንዱ አሮጌ ባሪያ የጌታውን እርሻ ሲናፍቅ የሚያስመስል ስለሆነ፣ ነጩ ዘፋኝ በማን አንደበት እየተናገረ እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከዚህ 15 ዓመት ገደማ አስቀድሞ በርሊን ላይ በሸክላ መቀረጹ ሲታሰብ፣ የአማርኛ ዘፈን ከአትላንታው ቀድሞ ሸክላ ላይ እንደወጣ ልብ ይሏል።

ካርሰን ከፖለቲካ ሰዎች ጋር የነበረው ትስስር ከሸክላው ይልቅ ረዘም ያለ ዕድሜ ነበረው። በ1920 ለሴኔት ለተወዳደረው ቶም ዋትሰን፣ በ1932 ደግሞ ለገዢነት ለተወዳደረው ዩጂን ታልማጅ ቀሰቀሰ፤ አሠራሩም ቀላል ነበር፦ ከተወዳዳሪው አስቀድሞ መድረክ ላይ ወጥቶ ይጫወታል፣ ገበሬው ቫዮሊኑን ሊሰማ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ተናጋሪው ይነሣል። ታልማጅ ጥቁሮችን ከምርጫና ከነጮች ትምህርት ቤት አግልሎ ማኖርን ያለ ኀፍረት የሚሰብክ ሰው ነበር። በሰሙ አወድሶ በወርቁ ጌታውን የሚሸነቁጥ አዝማሪ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀ ነው፤ ፋሺስቱ ግራዚያኒ በ1937 አዝማሪዎችና ጠንቋዮች እንዲገደሉ ያዘዘውም ይህን አንደበት ፈርቶ ነው። የካርሰን የፖለቲካ ዘፈን ግን ለወገነለት ሰው ያለ ማመንታት የሚወግን በመሆኑ፣ ውዳሴው ወርቅ የሌለው ሰም ነው ቢባል አያስገርምም።

ለውለታው የተከፈለው ደመወዝ በሽምግልናው ዘመን ተገኘ፤ በታልማጅ ቤተ ሰብ ወዳጅነት በግዛቱ ምክር ቤት ሕንጻ የአሳንሰር ሠራተኛ ሆኖ የሕግ አውጪዎችን ሲያወጣና ሲያወርድ ከርሞ በዲሴምበር 1949 ሞተ። የናሳው ጎዳናው ሕንጻም የቅርስ ጠባቂዎች ቢከራከሩለትም በ2019 ለሆቴል ግንባታ ሲባል ፈርሷል።