መዝገብና ጠባቂው፤ ከቁስቋም ዕቃ ቤት እስከ ድረ ገጽ ፋይል

በጎንደር ነገሥታት ዘመን የመሬት መዝገብ ቤቱ ወንጌል ነበር። ጉልት ሲተከል ወይም መሬት ሲሸጥ ጸሐፊው ነገሩን በቤተ ክርስቲያኑ ወንጌል ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ ያሰፍራል፤ የሹማምንቱንና የምስክሮቹን ስም ይዘረዝራል፤ ውሉን ያፈረሰ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ ጽፎ ይዘጋል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ደብረ ፀሐይ ቁስቋምም ለካህናቷና ለደብተሮቿ ሰፊ መሬት ተተክሎላታል። መጽሐፉ የሚቀመጠው በዕቃ ቤት፣ በገበዙ ኃላፊነት ነው፤ ክርክር ሲነሳም ተገልጦ ይመሰክራል። እኔ ከዚህ ወግ የማየው ጥበብ ሁለቱ ነገሮች አብረው መሄዳቸው ነው፦ ውሉ በአደባባይ ይታወቃል፣ መጽሐፉ ግን ያለ ጠባቂ አይነካም።

የዘመናችን ሶፍትዌር ይህን ጥምረት ሲያፈርሰው ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ2014 ታይቷል። ስላይደር ሪቮሉሽን የተባለው፣ ድረ ገጽ በሚሠራበት ወርድፕሬስ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ክፍል (ፕለጊን) በድረ ገጽ ላይ ፎቶ እያፈራረቀ የሚያሳይ ነው። ፎቶ የሚያመጣው የኮዱ ክፍል ታዲያ የፋይሉን ስም ከጎብኚው ይቀበላል፤ ጎብኚው ማን እንደሆነ፣ የጠየቀው ፋይልም በእርግጥ ፎቶ መሆኑን አያጣራም። በፎቶው ስም ፈንታ ሁለት ነጥብና እዝባር (../) እየደረደረ ወደ ላይኛው ፎልደር የወጣ ሰው የድረ ገጹን የማዋቀሪያ ፋይል ይረከባል፤ እዚያ ውስጥ የዳታቤዙ ስም፣ የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃሉ ሳይመሰጠሩ ተጽፈዋል። ሠሪዎቹ ቀዳዳውን ቢደፍኑትም በዝምታ ነበር፤ ነገሩ ይፋ የወጣው ከወራት በኋላ ነው። ፕለጊኑ ደግሞ ከተገዙ የገጽ ንድፎች ጋር ተጠቅልሎ ይመጣ ስለነበር፣ ብዙ ባለቤቶች ቤታቸው ውስጥ መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር።

የመሬት ውል እንዲታወቅ ይጻፋል፣ የይለፍ ቃል እንዲደበቅ፤ ስለዚህ ሁለቱ አይወዳደሩም የሚል ይኖራል። ነገር ግን የሚጠበቀው ወሬው አልነበረም። ብራና ይፋቃል፤ ስም ጠፍቶ ሌላ ስም ይገባበታል፤ ዘቡ የቆመው ለዚህ ነው። በፕለጊኑም ፎቶው የሁሉ ነበር፣ ጥፋቱ ያው ፎቶ አምጪ እጅ ወደ ማዋቀሪያ ፋይሉም መድረሱ ነው። ከዚህ የሚከብደው ክርክር ሌላ ነው፦ ገበዝ እያለም አፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት አስዘርፈዋል፤ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላም ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ለንደን ገብተዋል። እውነት ነው፣ ጦርን ገበዝ አይመልስም። ሆኖም ያ ዝርፊያ በቀን፣ አገር እያየው የሆነ ነው፤ ማን እንደወሰደ ዛሬም ስለሚታወቅ ይመለስልን ማለት ተችሏል። በፕለጊኑ ቀዳዳ የወጣ ፋይል ግን ከቦታው ሳይነሳ ይገለበጣል፣ ባለቤቱም ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ የአማራ ክልል የገበሬ ይዞታ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ፣ ከጎንደር እስከ ጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ያለው ባለይዞታ ፋይሉን ማን መቼ እንደከፈተው የሚያሳይ መዝገብ፣ ቀዳዳ ሲገኝም በይፋ የሚነግረው ኃላፊ ሊኖረው ይገባል።