ዘውድ የደፋው ጥቁር ራስ፦ በባቫሪያ መንደሮች አርማ ላይ ያለው «ኢትዮጵያዊ» ማን ነው?

ከሙኒክ ተነስቶ የኢዛርን ወንዝ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚከተል ሰው መጀመሪያ ኡንተርፎሪንግን፣ ቀጥሎም ኢስማኒንግን ያገኛል። ሁለቱም ለዘመናት የገበሬ መንደሮች ነበሩ፤ ዛሬ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጣቢያዎች ከትመውባቸዋል። በሁለቱም አርማ ላይ ግን በባቫሪያ ገጠር የማይጠበቅ ምስል አለ፤ ዘውድ የደፋ የጥቁር ሰው ራስ።

ጀርመኖች «የፍራይዚንግ ሙር» ይሉታል። በላቲን ደግሞ «ካፑት ኤቲዮፒኩም» ይባላል። ትርጉሙ «የኢትዮጵያዊ ራስ» ነው።

ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ልቡ መሞቁ አይቀርም። «የኛ ንጉሥ በጀርመን አርማ ላይ» የሚል ርዕስ ለመጻፍም ጊዜ አይፈጅም። ታሪኩ የሚናገረው ግን ሌላ ነው።

የፍራይዚንግ ሀገረ ስብከት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ739 ነው። በመካከለኛው ዘመን ጳጳሱ መንፈሳዊ አባት ብቻ አልነበረም። መሬት ያስተዳድራል፣ ግብር ይሰበስባል፣ ይፈርዳል። በፎሪንግ በኩል ኢዛርን የሚሻገረው ድልድይም የእሱ ነበር፤ የጨው ነጋዴ ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም። የባቫሪያው መስፍን ሄንሪ አንበሳው ይህ ገቢ አስጎመጀው። ድልድዩን አፍርሶ መሻገሪያውንና ገበያውን ወደ ሙኒክ አዛወረ ይባላል። በ1158 ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ ነገሩን ሲዳኝ አዲሱን ገበያ አጸደቀ፤ ለጳጳሱም ከገቢው ሲሶ እንዲሰጥ ወሰነ። የሙኒክ ታሪክ የሚቆጠረው ከዚህ ፍርድ ነው።

በ1319 ደግሞ ንጉሥ ሉድቪግ በኢስማኒንግና በኡንተርፎሪንግ አካባቢ የነበረውን የጌትነት መብት ለፍራይዚንግ ጳጳስ ሸጠ። መንደሮቹ ከዚያ በኋላ ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል፣ መንግሥት የቤተ ክርስቲያንን ግዛቶች እስከወረሰበት እስከ 1802 እና 1803 ድረስ፣ በጳጳሱ ሥር ቆዩ። ጥቁሩ ራስ አርማቸው ላይ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ አፍሪካዊ እዚያ ስለኖረ ወይም ስለነገሠ አይደለም። ምልክቱ «ይህ መሬት የፍራይዚንግ ነበር» ይላል፤ ከብት ላይ እንደሚተኮስ ምልክት ባለቤትን ነው የሚናገረው።

ታዲያ ፍራይዚንግ ራሷ ምስሉን ከየት አመጣችው? ዘውድ የደፋው ራስ ቀድሞ የሚታየው በ1284 በጳጳስ ኤሚኮ ማኅተም ላይ ነው። የሰም ማኅተም ደግሞ ቀለም የለውም። ስለዚህ አንዳንዶች ምስሉ መጀመሪያ የማንም ንጉሥ ወይም ገዥ ራስ ነበር፣ ጥቁር የሆነው በኋላ ነው ይላሉ። ሌሎች ቅዱስ ሞሪስን ወይም ከሰብአ ሰገል አንዱን ያስባሉ።

ሕዝቡም የራሱ ተረት አለው። ፍራይዚንግ በዛሬዋ ስሎቬኒያ ከ973 ጀምሮ ሽኮፍያ ሎካን ትገዛ ነበር፤ የዚያች ከተማ አርማም ይኸው ጥቁር ራስ አለበት። በአካባቢው እንደሚነገረው ጳጳስ አብርሃም በጫካ ሲያልፍ ድብ ይመጣበታል። ጥቁር አገልጋዩ ድቡን ገድሎ ጌታውን ያድናል፤ ጳጳሱም ለውለታው ምስሉን በአርማው ላይ ያኖራል። ተረቱ ያምራል። ችግሩ አብርሃም የኖረው በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ማኅተሙ የመጣው ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ መሆኑ ነው።

«ኢትዮጵያዊ» የሚለው ስምስ? ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ» እንደማለት። በመካከለኛው ዘመን ላቲን ማንኛውም ጥቁር ሰው በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ስሙ የቆዳ ቀለም እንጂ የአገር ማስረጃ አይደለም።

ይህ ማለት ግን ምስሉ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከዚያው ከባቫሪያ ሌላዋን ከተማ ኮቡርግን ማየት ይበቃል። በእሷ አርማ ላይ ያለው ጥቁር ራስ ጠባቂዋ ቅዱስ ሞሪስ ነው፤ ከግብፅ ቴባይ የመጣ ወታደርና ሰማዕት። ናዚዎች በ1934 ምስሉን አንስተው በሰይፍና በስዋስቲካ ተኩት። በ1945፣ ሲወድቁ፣ ጥቁሩ ቅዱስ ተመለሰ። በ2020 ደግሞ ክርክሩ በተቃራኒው ተነሳ። ወፍራም ከንፈሩና የጆሮ ጉትቻው ዘረኛ ሥዕል ነው ያሉ ሰዎች እንዲለወጥ ፊርማ አሰባሰቡ፤ ይቆይ ያሉትም እንዲሁ። አርማው እስካሁን አለ።

በ2005 ቤኔዲክቶስ 16ኛ ጳጳስ ሲሆኑ የፍራይዚንጉን ራስ በአርማቸው ላይ አኖሩት። ቀድሞ የሙኒክና ፍራይዚንግ ሊቀ ጳጳስ ነበሩና። በዚያን ጊዜ ቫቲካን የሰጠችው ማብራሪያ አንድ ነገር ያስታውሳል፤ በጣሊያን አርማዎች ሙር ግንባሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ያስራል፣ ነፃ የወጣ ባሪያ ምልክት ነው፤ በጀርመን ግን ዘውድ ይደፋል።

ከሁሉ የሚበልጠው እዚህ ላይ ነው። ይኸው ጥቁር ፊት በአንዱ አገር ባሪያ፣ በሌላው ባለዘውድ፣ በሦስተኛው ቅዱስ ሆኗል። ሦስቱንም የሣሉት አውሮፓውያን ናቸው፤ የሣሉትም ስለ ራሳቸው መሬት፣ እምነትና ሥልጣን ለመናገር ነው። ስማችን ስለተጠራ ብቻ ታሪኩን የኛ ማድረግ ሌላ ተረት መጨመር ነው። የኢትዮጵያ ታሪክ የራሱ ዘውዶች አሉት፤ ከኢስማኒንግ መበደር አያስፈልገውም።