ቅዳሜ ወይስ እሑድ? ስድስት መቶ ዓመት ያለፈው ጠብ

ባለፈው ሳምንት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ወረድ ብላ ካለች አንዲት የገጠር ደብር ለተዝካር ሄጄ ነበር። (ስሟን አልጠራም፤ ነገም እዚያው ነው የምበላው።)

ጠላው መዞር ሲጀምር ጨዋታው ወደ ክርክር ዞረ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም የሚቀመጡ ሰንበቴተኞች ናቸው። ወጣቶቹ ደግሞ ቅዳሜ ማታ መዝሙርና ትምህርት ያለበት ጉባኤ አላቸው። «ጠላ እየተጠጣ ምን ማኅበር አለ?» አለ አንዱ። «እናንተ ሳትወለዱ ይህ ጽዋ ዞሯል!» ብለው አንድ አዛውንት ተቆጡ። ዘንድሮ አንዱ ወገን የሌላውን ደጅ አልረገጠም። ለቅሶ ቤት እንኳ ለየብቻ ነው የሚቀመጡት። ይሄ ነው እኔን ያሳመመኝ።

አዛውንቱ ወደኔ ዞረው «መምህር፣ እርስዎ ታሪክ አስተምረው የለም? ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ሆና ታውቃለች?» አሉኝ። ያወቅሁትን ነገርኳቸው፤ እናንተም የቀድሞ ተማሪዎቼ ስሙት። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጠቡ በየትኛው ቀን እንሰብሰብ የሚል ነበር። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር አሉ። ከእስክንድርያ የሚመጡት ጳጳሳት ደግሞ ይህ የአይሁድ ልማድ ነው አሉ። ኤዎስጣቴዎስ አገር ጥለው ወጡ፤ በ1352 አርመን አገር አረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ተገፉ፣ ክህነት ተከለከሉ። እነሱም በበኩላቸው «ከዚያ ጳጳስ እጅ ክህነት አንቀበልም» አሉ። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ ቅዳሴ፣ ግን መሪያቸው የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ እስከ መታሰር ደረሱ። በ1404 ዐፄ ዳዊት ፈቷቸው፤ ተከታዮቹም ሁለቱንም ሰንበት እንዲያከብሩ ፈቀደ። ይህ ግን ፈቃድ ነው እንጂ ዕርቅ አልነበረም።

ዕርቁ የመጣው በ1450 ነው፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሸዋ፣ ተጉለት፣ ደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሲጠራ። ጳጳሳቱ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ቅዳሜን ተቀበሉ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ደግሞ ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል እሺ አሉ። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ማንም ቀኑን አልተወም። እሑድ የነበረው እሑድን ይዞ ቅዳሜን ጨመረ፤ ቅዳሜን የያዘውም ክህነቱን ከወንድሞቹ ተቀበለ። ጎጃም ገጠር ዛሬም ቅዳሜ ገበያ ይወጣል እንጂ በሬ አይጠመድም። የዚያ ጉባኤ ፍሬ ነው፤ ገበሬው ግን ደብረ ምጥማቅ የሚባል ስም ሰምቶ ላያውቅ ይችላል።

ንጉሡን ግን አላሞግስም። ያው ዘርዐ ያዕቆብ እኮ ደቂቀ እስጢፋኖስን፣ ለንጉሥ አንሰግድም ያሉትን መነኮሳት፣ አስገርፏል፣ አካላቸውን አስቆርጧል። ለእመቤታችንና ለመስቀል አትሰግዱም ተብለውም ተከሰዋል። ለቅዳሜ ጉባኤ ጠራ፤ ለነዚህ ጅራፍ። ታዲያ ጅራፉ አላጠፋቸውም፤ ጉንዳ ጉንዴ ገዳማቸው አጋሜ ውስጥ ዛሬም አለ፣ የዚችው የቤተ ክርስቲያን ገዳም ሆኖ። ለወጣቶቹ ይህን ሳልነግር ብሄድ ኖሮ ታሪኩን ግማሽ ማውራት ይሆንብኝ ነበር፤ የተዝካር ቤት ሰው ደግሞ ደስ የሚለውን ግማሽ ብቻ ነው መስማት የሚወደው።

አዛውንቱ ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ «ሁለቱም አንዳንድ ነገር ሰጡ ማለት ነው?» አሉ።

«አዎ አባቴ።»

«እኛስ ምን እንስጥ?»

ያ ወጣት ቀደም ብሎ «ጠላውን!» አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። አዛውንቱ አልሳቁም፤ ቆይተው ግን «አንተስ? ቅዳሜ ማታ እኛን ጠርተኸን ታውቃለህ?» አሉት። መልስ አልነበረውም።

በሚመጣው ወር ጽዋው የሚደርሰው የዚያ ወጣት አባት ቤት ነው። የማኅበሩ ሙሴ ልጆቹ መጥተው አንድ ሰዓት ያህል ያስተምሩ ብለው እንደላኩባቸው ትናንት በስልክ ሰማሁ። ልጆቹም እሺ ብለዋል። ብቅሉ ግን ተነክሯል አሉ።