በበረዶ ሥር የሚያልፍ መንጋ፦ የኢኑፒያት የአደን ዕውቀትና አጠባበቁ

ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1977 የሰሜን አላስካ ኢኑፒያቶች ለዘመናት ሲያድኑት የኖሩትን፣ ቦውሄድ የተባለውን ዓሣ ነባሪ እንዳያድኑ አገደ። መንጋውን ያመናመኑት ከ1848 ጀምሮ ዘይት ፍለጋ የመጡ የንግድ መርከቦች ነበሩ፤ ዕገዳው ያረፈው ግን በባሕር ዳርቻው ነዋሪ ላይ ነው። የኮሚሽኑ ሊቃውንት የተረፉት ከ2,000 አይበልጡም ብለው ነበር።

የኡትቅያግቪክ (ያኔ ባሮው ትባል ነበር) አዳኞች ይህን ግምት አልተቀበሉም፤ ለዚህም በቂ ምክንያት ነበራቸው። ቆጣሪዎቹ ከበረዶው ጠርዝ ሆነው የሚያዩት በአቅራቢያቸው በተከፈተው ውኃ የሚያልፉትን ብቻ ነው። አዳኞቹ እንደሚሉት ግን ብዙው ከዕይታ ርቆ ይጓዛል፤ ውኃው ሲዘጋም ዓሣ ነባሪው በበረዶው ሥር ይዋኛል፣ ሳሳ ያለውን በጭንቅላቱ ሰብሮ ይተነፍሳል። በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ድምፅ መቅጃ ወደ ባሕሩ አስገብተው ሲያዳምጡ ከዓይን የተሰወረው መንጋ ተሰማ። በ2001 የተደረገው ቆጠራ ወደ 10,000፣ የ2011ዱ ደግሞ ወደ 17,000 የሚጠጋ ግምት ሰጠ። ከፊሉ በእርግጥ የመንጋው ዕድገት ነው፤ የመጀመሪያው ግምት ከእውነቱ እጅግ ያነሰ እንደነበር ግን አያከራክርም።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ «ሽማግሌዎቹ ልክ ነበሩ» ተብሎ ይዘጋል። ለእኔ የሚከብደው ሌላው ገጽታው ነው፦ ቃላቸው ማስረጃ ሆኖ የተቆጠረው መሣሪያ ካረጋገጠላቸው በኋላ ነው።

ደግሞም ዕውቀቱ በቃል ብቻ የሚያዝ አይደለም። ኡሚያክ የተባለችው ጀልባ የምትለበጠው በአቆስጣ ቆዳ ነው። ሴቶቹ ካሪቡ በተባለው አጋዘን ጅማት ሲሰፉት መርፌው ቆዳውን ዘልቆ እንዳይወጣ ይጠነቀቃሉ፤ ከተበሳ ውኃ ይገባላ! ወጣቱም ገና ጦር ሳይጨብጥ በአደን ሰፈሩ ሻይ እያፈላ፣ የበረዶ ክምሩን እየፈለጠ መንገድ እያወጣ፣ የትኛው በረዶ እንደሚሸከምና የትኛው ተገንጥሎ እንደሚሄድ ከአለቃው ያያል። ሥጋው ለማን ምን ያህል እንደሚደርስም ሥርዓት አለው፤ በሰኔ በሚከበረው ናሉካታቅ ድግስ ሕዝቡ በጋራ ይካፈለዋል።

የሽማግሌዎችን ድምፅ ቀርጾ ማኖር ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅጂው በረዶ መመርመርን አያስተምርም። በዚያ ላይ በረዶው ራሱ ዘግይቶ እየያዘ፣ እየሳሳም ነው፤ የትናንቱ መለኪያ ለዛሬው ካልተፈተነ ሰው ያስጠፋል። የሚፈትነው ደግሞ የሚወጣ አዳኝ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዕገዳውን የተካው የአደን ኮታ ከእንስሳ ቁጥር በላይ የሚመዝን ጉዳይ ነው። ለ1978 መጀመሪያ የተፈቀደው 12 ዓሣ ነባሪ ብቻ ነበር፤ አዳኞቹ በ1977 ባቋቋሙት የራሳቸው ኮሚሽን አማካይነት ለዓመታት ተከራክረው አስጨመሩት። በ2018 ብራዚል ላይ በተደረገው ጉባኤ ደግሞ መመዘኛው እስከተሟላ ድረስ ኮታው በየጊዜው ያለ ድምፅ አሰጣጥ እንዲታደስ ተወስኗል። በእኔ ሚዛን ይህ ውሳኔ ለዕውቀቱ ጥበቃ ከየትኛውም ቤተ መዛግብት ይበልጣል።