ስለ ባሪቶንና ስለ ጠፉት ዜማዎቹ

ባሪቶን የሚባለው መሣሪያ በ18ኛው ምዕት ዓመት በአውስትሪያና በሀንጋሪ መኳንንት አዳራሽ ይሰማ የነበረ ነው። ከፊቱ ያሉት 6 ወይም 7 የጅማት አውታሮች እንደ መሰንቆ በደጋን ይመታሉ፤ ከአንገቱ በስተኋላ የተወጠሩት የብረት አውታሮች ግን ከፊተኞቹ ጋራ ያስተጋባሉ፥ ደግሞም በግራ እጅ አውራ ጣት ይደረደራሉ።

ይህን መሣሪያ ራሱ እየመታ አጥብቆ የወደደው ልዑል ኒኮላውስ ኤስተርሃዚ ነበረ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1765 ዓ.ም. የቤቱን ዜማ ደራሲ ዮሴፍ ሃይድንን አብዝቶ እንዲደርስለት በጽሑፍ አዘዘው። ሃይድንም በዐሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ለባሪቶን፥ ለቪዮላና ለሴሎ ከ120 የሚበልጡ የሦስትዮሽ ዜማዎችን ደረሰ፤ ለሁለት መሣሪያ ብቻ የሚሆኑትንም ጨመረ።

የሦስትዮሾቹ አብዛኞቹ በየ24ቱ ተጠርዘው ለልዑሉ ቀረቡ፤ እስከ ዛሬም አሉ። ከሁለትዮሾቹ ግን የሚበዙት ጠፉ። ልዑሉ በ1790 ዓ.ም. ከሞተ በኋላም መሣሪያው ቀስ በቀስ ተረሳ።

በ20ኛው ምዕት ዓመት ባለሙያዎች ባሪቶንን እንደ ገና አስነሡት። እንግዲህ የሚመታ እጅ ተገኘ፤ የጠፋው ዜማ ግን አልተመለሰም። ሠሪ ያለው መሣሪያ ዳግመኛ ይሠራል፤ ጠባቂ ያጣ ጽሕፈት ግን ዳግመኛ አይጻፍም።