በረግረጋማ ሥፍራዎች የዱር ወፎችን ፎቶ ማንሳት፦ ለጎብኚዎችና ለፎቶ አንሺዎች የተዘጋጀ መረጃ

ኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች የተመዘገቡባት አገር ስትሆን፣ ከእነዚህ መካከል የብዙዎቹ ኑሮ ከሐይቆች፣ ከረግረጎችና በክረምት ውኃ ከሚተኛባቸው ሜዳዎች ጋር የተሳሰረ ነው። ይህ ጽሑፍ ወፎችን በተፈጥሯዊ መኖሪያቸው ፎቶ ለማንሳት የሚፈልግ ዜጋ ስለ ሥፍራ፣ ስለ ወቅት፣ ስለ ፈቃድና ስለ ርቀት ማወቅ የሚገባውን ያቀርባል። ስለ ርቀት የተጻፈው ክፍል በተለይ በጥሞና እንዲነበብ ይጠየቃል፤ ፎቶ አንሺ በወፎች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ጥቂት ልጠጋ» ከማለት ነውና።

ሥፍራና ወቅት

ለጀማሪ የሚመከረው ወፎቹ ሰውን በለመዱበት ሥፍራ መጀመር ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ የሚገኘው አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ለዚህ የተመቸ ነው፤ አባ ኮዳዎች ከዓሣ አጥማጆች የሚጣልላቸውን ትርፍራፊ እየጠበቁ በሰው መካከል ይቆማሉ። በባቱ ከተማም በዝዋይ ሐይቅ የጀልባ መቆሚያ ፔሊካኖችን በቅርብ ማየት ይቻላል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ የገፈርሳ ግድብ አካባቢ ቅርብ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ብቻ የምትገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከምትታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው የጣና ሐይቅ አካባቢና አጎራባቹ የፎገራ ሜዳ በክሬኖች ይታወቃሉ። በጣና በደንገልና በፊላ መካከል የሚኖሩትን ወፎች ለማየት በታንኳ በዝግታ መጓዝ ከሞተር ጀልባ ይልቅ ይመረጣል።

ከመስከረም እስከ መጋቢት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎች፣ ክሬኖችና የዳርቻ ወፎች በሐይቆቻችን ስለሚከርሙ ብዛትና ዓይነት ለሚፈልግ ፎቶ አንሺ ይህ ወቅት ተመራጭ ነው። በክረምት ግን በርካታ የአገር ውስጥ የውኃ ወፎች እንቁላል የሚጥሉበት ጊዜ በመሆኑ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ፈቃድ

እንደ አብያታ ሻላ ባሉ በኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በሚተዳደሩ ብሔራዊ ፓርኮች ለመግባት በበሩ ላይ የመግቢያ ክፍያ ተፈጽሞ ደረሰኝ ይወሰዳል። ለሽያጭ፣ ለማስታወቂያና ለፊልም የሚውል ቀረጻ ለግል ማስታወሻ ከሚነሳ ፎቶ ተለይቶ ስለሚታይ አስቀድሞ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይገባል። በክልል ሥር ለሚገኙ ሥፍራዎች የሚመለከተውን የክልሉን መሥሪያ ቤት ያነጋግሩ። ድሮን ከሚመለከተው አካል ፈቃድ ሳይገኝ ማስነሳት የተከለከለ ነው፤ ፈቃድ ቢኖርም እንኳ በወፎች መንጋና በጎጆዎች ላይ ማብረር አይገባም፣ ወፎቹ እንደ ጭልፊት ያዩታልና።

ከፓርክ ውጪ የሚገኙ ብዙዎቹ ረግረጎች የአካባቢው ሕዝብ የግጦሽና የሣር ማጨጃ መሬቶች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ባለይዞታውን ሰላም ብሎ ማስፈቀድ ደንብም ወግም ነው። ወፎቹ ያደሩበትን ከማንም በላይ የሚያውቀውም እረኛው ነው።

ርቀት

በቂ ርቀት ስንት ሜትር ነው የሚል ጥያቄ ለመሥሪያ ቤቶች በተደጋጋሚ ይቀርባል። ለሁሉም ወፍ የሚሆን አንድ ቁጥር መስጠት አይቻልም፤ አሞራ ገደል ላይ በሁለት እርምጃ ርቀት የሚቆም አባ ኮዳ በሌላ ሐይቅ ከሩቅ ሊሸሽ ይችላል። ልኩን የምትናገረው ወፏ ራሷ ናት። ስትመገብ የነበረች ወፍ መብላቷን አቁማ አንገቷን ካቀናች ፎቶ አንሺው ካለበት አንድ እርምጃ ማለፍ የለበትም። ፈቀቅ ማለት ወይም መጮህ ከጀመረች ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ አንዳንድ ወፎች ክንፋቸው የተሰበረ መስለው እየተንፏቀቁ ሰውን ከእንቁላላቸው ለማራቅ ይሞክራሉ። ይህን ትርዒት ቆሞ መቅረጽ የሚያምር ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ፎቶ አንሺው በዚያች ቅጽበት እንቁላሎቹ ሊረገጡ በሚችሉበት ቦታ ላይ መቆሙን ሊያውቅ ይገባል።

ወላጅ ከጎጆው ስትነሳ እንቁላልና ጫጩት ለፀሐይና ለነጣቂ አሞራ ይጋለጣሉ። የሻላ ሐይቅ ነጭ ፔሊካኖች ሁኔታ ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። እነዚህ ወፎች ጎጆ የሚሠሩት ዓሣ እምብዛም በማይገኝበት በሻላ ደሴቶች ላይ ሲሆን፣ ምግባቸውን ያገኙ የነበረው ከጎረቤቱ ከአብያታ ሐይቅ ነው። የአብያታና የመጋቢዎቹ ውኃ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ምርት በመወሰዱ ሐይቁ ሸሽቶ፣ ጨውነቱም ጨምሮ ዓሣው ሲጠፋ፣ ወላጆቹ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ድረስ መብረር ግድ ሆኖባቸዋል። ከዚህ ረጅም ጉዞ የተመለሰችን ወፍ ጀልባ አስጠግቶ እንደገና ማስነሳት ጫጩቷን ምግብ መከልከል ነው። በአብያታ ዳርቻ የሚሰማሩትን ፍላሚንጎዎችም መንጋው ሲነሳ ለመቅረጽ ብሎ በጡሩምባ፣ በድንጋይ ወይም ልጆችን በማስሮጥ ማባረር ፈጽሞ የማይፈቀድ ተግባር ነው። የሚታገሥ ሰው መንጋው በራሱ ጊዜ ሲነሳ ማየቱ አይቀርም።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአዲስ ዓለም አቅራቢያ በሚገኘው በበርጋ ረግረግ ነው። ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል የምትባለው ትንሽ ወፍ በክረምት ወራት በዚህ ቄጠማ ውስጥ ትራባለች። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ወፎች ቁጥር ከ250 በታች እንደሆነ የሚገመት ሲሆን፣ እንደምትራባ የተረጋገጠባቸው አገሮች ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ጎጆዋ ከቄጠማው ሥር በውኃ መካከል ስለሚሠራ በእግር የሚሄድ ሰው ሳያየው ይረግጠዋል። በመሆኑም በሐምሌና በነሐሴ ወደ ረግረጉ ዘልቆ መግባት፣ እንዲሁም ወፏን ለማውጣት የተቀዳ ድምፅዋን በስልክ ማሰማት ሊፈጸም አይገባም። የአካባቢው ነዋሪዎች ከኢትዮጵያ የዱር አራዊትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር በመሆን ረግረጉን ሲጠብቁ ቆይተዋል፤ አንድ ፎቶ የእነሱን ድካም ከንቱ ሊያደርግ አይገባም።

መሣሪያና ብርሃን

ከ300 እስከ 600 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ከርቀት ለመሥራት ያስችላል። የሚበር ወፍ ለመቅረጽ የሹተር ፍጥነቱን ከ1/1000 ሰከንድ በላይ ማድረግ፣ በጥቁር ውኃ ላይ ያለ ነጭ ፔሊካን ሲነሳ ደግሞ ላባው በብርሃን እንዳይጠፋ ኤክስፖዠሩን ጥቂት መቀነስ ይመከራል። ስልክ ብቻ ያለው ሰው የስልኩን ካሜራ በአቅርቦ ማያ መነጽር ዓይን ላይ አስጠግቶ ጥሩ ፎቶ ማግኘት ይችላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ወፎቹም በዚህ ሰዓት በመመገብ ላይ ናቸው። ከመኪና ሳይወርዱ በመስኮት ማንሳት ከማናቸውም መሸሸጊያ ይሻላል፤ ብዙ ወፎች የቆመ መኪናን እንደ ሰው አይፈሩም። በጎጆ ላይ ፍላሽ አይጠቀሙ።

ደኅንነት

በዝዋይና በጣና ጉማሬዎች ማለዳና ምሽት ለግጦሽ ወደ ዳርቻ ስለሚወጡ በእነርሱና በውኃው መካከል መቆም ለሕይወት አደገኛ ነው። የአብያታ ዳርቻ ላዩ ደረቅ መስሎ ሥሩ ጭቃ በመሆኑ ሰውም መኪናም ሊሰምጥበት ይችላል፤ ያለ ፓርኩ ስካውት አይግቡ። በሐይቆች ዳርቻ በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መቆም ለብልሃርዚያ ያጋልጣል።

ፎቶውን ስለማሰራጨት

በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለጠፍ ፎቶ ትክክለኛውን ቦታ ሊገልጽ ስለሚችል፣ ጎጆ ወይም ብርቅዬ ወፍ ያለበትን ፎቶ ከማጋራትዎ በፊት የስልክዎን የቦታ መጠቆሚያ ያጥፉ፤ የወረዳውን ስም መጥቀስ ብቻ ይበቃል። ኢትዮጵያ በአፍሪካና በዩሬዥያ መካከል የሚሰደዱ የውኃ ወፎች ጥበቃ ስምምነት አባል እንደመሆኗ፣ በእግራቸው ላይ ቀለበት የታሰረላቸው ወፎች ወደ አገራችን መምጣታቸው አይቀርም። እንዲህ ያለ ወፍ ካጋጠመዎ ለመያዝ አይሞክሩ። በቀለበቱ ላይ ያለው ፊደልና ቁጥር እንዲነበብ አድርገው ካሉበት ፎቶ ያንሱ፤ ቀኑንና የሐይቁን ስም ጽፈውም ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በአቅራቢያዎ ላለው የፓርክ ጽሕፈት ቤት ያስረክቡ።